ሊኑክስ ላይ ሶፍትዌር መጫን፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁኝ ጥያቄዎች

ትእዛዞቹን በአነባበባቸው ነው የጻፍኋቸው፤ ተርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ስታስገቧቸው በላቲን ፊደል፣ በትንንሹ ሆሄ ጻፏቸው።

ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም ለመጫን እንደ ዊንዶውስ ከድረ ገጽ ማውረድ አለብኝ?

የለባችሁም፤ እንዲያውም መጀመሪያ መተው ያለበት ልማድ ይሄ ነው። ዊንዶውስ ላይ የለመድነው ስሙን ጉግል ላይ ፈልጎ፣ ከተገኘው ገጽ «ኤክስኢ» ፋይል አውርዶ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያሉ መጫን ነው። ካልሆነም ከጓደኛ ፍላሽ ከነቫይረሱ መገልበጥ። ሊኑክስ ላይ ግን እያንዳንዱ ዲስትሮ (እንደ ኡቡንቱ ያለ የሊኑክስ ዓይነት) የራሱ ጎተራ አለው። ሪፖዚተሪ የሚባለው እሱ ነው፤ ሰው አሳጥሮ ሪፖ ይለዋል። ፕሮግራሞቹ እዚያ ተሰብስበውና ተፈርሞባቸው ይቀመጣሉ። ደቢያን 12 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ሪፖው ውስጥ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩ። ለትምህርት ቤት፣ ለቢሮና ለቤት የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር እዚያው አለ።

ፓኬጅ ስል የስልካችንን የኢንተርኔት ፓኬጅ ማለቴ አይደለም፤ ቃሉ ብዙ ሰው ግር ሲያሰኝ ስለማይ ነው የማነሣው። እዚህ ፓኬጅ ማለት አንድ ፕሮግራም ከነፋይሎቹ፣ ከነቨርዥን ቁጥሩና «ለመሥራት እነዚህ እነዚህ ያስፈልጉኛል» ከሚል ዝርዝር ጋር አንድ ላይ ታሽጎ ነው።

ፓኬጅ ማኔጀር ታዲያ ሥራው ምንድን ነው?

ከጎተራው ዕቃ የሚያወጣላችሁም፣ የኮምፒውተራችሁን መዝገብ የሚይዘውም እሱ ነው። ለምሳሌ አፕት የሚባለውን ፓኬጅ ማኔጀር «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቪኤልሲ» ስትሉት («ሱዶ» በአስተዳዳሪ ሥልጣን ሥራ ማለት ነው) የቪዲዮ ማጫወቻውን ቪኤልሲን ሪፖው ውስጥ ያገኘዋል፤ ቪኤልሲ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ይቆጥራል፤ እናንተ ጋ ያሉትን ትቶ የጎደሉትን ብቻ ያወርዳል። ከዚያ ትክክለኛነታቸውን አረጋግጦ በቅደም ተከተል ይጭናል፤ የትኛው ፋይል የየትኛው ፓኬጅ እንደሆነም መዝገቡ ላይ ያሰፍራል። ነገ ስታጠፉትም ሆነ ስታድሱት የሚያየው ያንኑ መዝገብ ነው።

ከታች የማነሣቸው ችግሮች አብዛኞቹ ከሁለት ምክንያት ይመጣሉ፦ መዝገቡ የማያውቀው ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም መዝገቡ ተጽፎ ሳያልቅ ሲቋረጥ። ይህን ከያዛችሁ የተርሚናሉ የስሕተት መልእክት አያስደነግጣችሁም።

አፕት፣ ዲኤንኤፍ፣ ፓክማን ይላሉ፤ የኔ የትኛው ነው?

በዲስትሮው ይወሰናል። ኡቡንቱ፣ ደቢያንና ሊኑክስ ሚንት አፕት ይጠቀማሉ፤ የፓኬጅ ፋይላቸው «ዴብ» ይባላል። ፌዶራ ዲኤንኤፍ ነው፤ ፋይሉ «አርፒኤም»። አርች ፓክማን፣ ኦፕንሱሴ ዚፐር ይዘዋል። ስሙ ይለያይ እንጂ ሐሳቡ አንድ ነው። እኔ እዚህ ደብረ ብርሃንና ዙሪያዋ የሚገጥሙኝ ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ስለሆኑ ምሳሌዎቼ ሁሉ በአፕት ናቸው።

አፕት ብቻውን አይሠራም፤ ከሥሩ ዲፒኬጂ የሚባል አለ። ዲፒኬጂ እጅ ላይ ያለን ዴብ ፋይል ፈትቶ ይጭናል፤ አፕት ከሪፖ ያመጣለታል፣ የትኛው ከየትኛው ቀድሞ መጫን እንዳለበትም ያሰላለታል። ይህ የሥራ ክፍፍል መብራት የጠፋ ዕለት ያስፈልገናል።

ተርሚናል ላይ የይለፍ ቃል ስጽፍ ምንም አይታይም። ኪቦርዴ ነው የተበላሸው?

ኪቦርዱ ደህና ነው። ከጎን ያለ ሰው የፊደሉን ብዛት እንኳ እንዳይቆጥር ኮከብም ነጥብም አይታይም። ጽፋችሁ ኢንተር ንኩ።

አፕዴት እና አፕግሬድ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

«ሱዶ አፕት አፕዴት» አንድም ፕሮግራም አያድስም። የሪፖውን የዕቃ ዝርዝር አምጥቶ ያስቀምጣል፤ ገበያ ወጥቶ ዋጋ ጠይቆ እንደመመለስ ነው። እህሉን የሚሸምተው «ሱዶ አፕት አፕግሬድ» ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ አፕዴት ይቀድማል። ዝርዝሩ የዛሬ ሁለት ወር የመጣ ከሆነ አፕት የሚፈልገው የዛሬ ሁለት ወር የነበረውን ፋይል ነው፤ እሱ ደግሞ ከሪፖው ተነሥቶ ሊሆን ይችላል። «404 ኖት ፋውንድ» የሚለው መልእክት ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

«ፉል-አፕግሬድ» የሚባልም አለ። ተራው አፕግሬድ የተጫነ ፓኬጅ አያጠፋም፤ ፉል-አፕግሬድ ግን ለማደስ የግድ ከሆነበት ያጠፋል። «ሪሙቭድ» ከሚለው ቃል በታች የሚዘረዝረውን ሳታነቡ «ዋይ» አትበሉት።

አንድ ፕሮግራም ስጭን ስንት ሜጋ ባይት ይበላብኛል?

አፕት ሳይጀምር ይነግራችኋል። ሁለት ቁጥር ነው የሚያወጣው፦ «ኒድ ቱ ጌት» የሚለው ከኢንተርኔት የሚወርደው መጠን ነው፤ «አፍተር ዚስ ኦፐሬሽን» የሚለው ተፈትቶ ሲጫን ዲስኩ ላይ የሚይዘው ቦታ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ በልጦ ስለሚታይ ዳታዬን ሊጨርስብኝ ነው ብሎ የሚተው ሰው ብዙ ነው። ለዳታ የምታዩት የመጀመሪያውን ነው።

ለመቀነስ ከፈለጋችሁ «--ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» የሚል ጨምሩበት፤ የግድ የሆኑትን ብቻ አውርዶ «ቢኖሩ ጥሩ ነው» የሚባሉትን ይተዋል። አንዳንዴ ልዩነቱ ከግማሽ በላይ ይሆናል፤ አንዳንዴ ግን አንድ የምትፈልጉት ነገር ይጎድልና ለብቻው ትጨምሩታላችሁ።

በስልክ ሆትስፖት የምትጠቀሙ ሌላም ነገር ልብ በሉ። ኡቡንቱ የደኅንነት ማሻሻያዎችን ሳትጠይቁት ከበስተጀርባ ያወርዳል። «ሶፍትዌር ኤንድ አፕዴትስ» የሚለው መስኮት ውስጥ ገብታችሁ ሳታውቁት እንዳያወርድ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ግን ጭራሹን አትተዉት። በሳምንት አንድ ቀን ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቁጭ ብላችሁ በእጃችሁ አድሱ። ያልታደሰ ብራውዘር ይዞ የባንክ ገጽ መክፈት ከሁለት መቶ ሜጋ ባይት ይልቅ ያስወድዳል።

አማርኛ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታየኛል፤ ለመጻፍስ ምን ልጫን?

ፊደሉ ካልታየ የግዕዝ ፎንት የለም ማለት ነው። «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፎንትስ-ኤስአይኤል-አቢሲኒካ» በሉና የከፈታችሁትን ፕሮግራም ዘግታችሁ ክፈቱት።

ለመጻፍ ደግሞ «አይባስ-ኤም17ኤን» የሚለውን ጫኑ። ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ተመለሱ፤ የኪቦርድ ማስተካከያው ውስጥ አማርኛን ጨምሩ። ኤስ እና ኢ ስትነኩ «ሰ»፣ ኤል እና ኤ ስትነኩ «ላ»፣ ኤም ብቻ ስትነኩ «ም» ይወጣል። ሁለቱም ከሪፖው የሚመጡ ናቸው፤ ከየትም የፎንት ገጽ ማውረድ አያስፈልግም።

ፕሮግራም አጠፋሁ፤ ግን ዲስኩ ላይ ቦታ አልተለቀቀም። ለምን?

«አፕት ሪሙቭ» ፕሮግራሙን ያነሣና የማስተካከያ ፋይሎቹን ይተዋል፤ «አፕት ፐርጅ» እነሱንም ያነሣል። አብረውት የገቡት ረዳት ፓኬጆች ግን ይቀራሉ፤ «ሱዶ አፕት ኦቶሪሙቭ» የሚያነሣው እነሱን ነው። «ሆም» በሚባለው የግል ማኅደራችሁ ውስጥ ያለውን የግል ማስተካከያችሁን ግን ከሦስቱ አንዱም አይነካውም።

ኡቡንቱ ላይ ፓይተን 3ን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) «አልጠቀምበትም» ብላችሁ እንዳታጠፉት። የዴስክቶፑ ብዙ ክፍል በሱ ላይ የቆመ ስለሆነ አፕት እነሱንም አብሮ ያጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ተርሚናል ብቻ ነው የሚቀራችሁ። አፕት ዝርዝሩን አስቀድሞ ያሳያል። ለማጥፋት የጠየቃችሁት አንድ፣ የሚያጠፋው አርባ ከሆነ «ኤን» በሉና ውጡ።

አዲሱ ቨርዥን ወጥቷል፤ ሪፖው ግን አሮጌውን ነው የሚሰጠኝ። ለምን?

እንደ ደቢያንና የኡቡንቱ ኤልቲኤስ (ለረጅም ጊዜ የሚታደሰው ቨርዥን) ያሉት ዲስትሮዎች ከወጡ በኋላ የፕሮግራሞቹን ቨርዥን በአመዛኙ አይለውጡም። ሆን ተብሎ ነው፤ ትናንት የሠራ ነገር ነገም እንዲሠራ። የደኅንነት ቀዳዳ ሲገኝ ጥገናው አሮጌው ቨርዥን ላይ ይሰፋል። ስለዚህ ቁጥሩ አሮጌ መሰለ ማለት ያልተጠገነ ነው ማለት አይደለም። ለትምህርት ቤት ላብና ለቢሮ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። አንድ ፕሮግራም ብቻ የግድ አዲሱ ካስፈለጋችሁ ከታች ስናፕና ፍላትፓክ ያልሁበትን እዩ።

እየጫንሁ ሳለ መብራት ጠፋ። አሁን ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ነው፤ በተለይ በክረምት። መጀመሪያ የት ላይ እንደጠፋ ለዩ። እያወረደ ሳለ ከሆነ ምንም አልደረሰም፤ በግማሽ የወረደው ፋይል «ፓርሻል» የሚባል ማኅደር ውስጥ ይቀመጣል። ያንኑ ትእዛዝ ስትደግሙት ሪፖው ላይ ፋይሉ ካልተቀየረ ካቆመበት ይቀጥላል። ዳታችሁም አልባከነም።

አደገኛው «አንፓኪንግ» እና «ሴቲንግ አፕ» የሚሉ መስመሮች እየወረዱ ሳለ የጠፋ እንደሆነ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ላብ ውስጥ እያሻሻልሁ ሳለ ሰማዩ አጉረመረመ፤ መስመሩ «ሴቲንግ አፕ» ብሎ አንድ የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ክፍል) ፓኬጅ ስም ጽፎ ሳይጨርስ ስክሪኑ ጠቆረ። ዴስክቶፕ ነው፤ ዩፒኤስም የለውም። መብራት ሲመለስ ኮምፒውተሩ መነሣት እምቢ አለ። ሲነሣ ሺፍት ተጭኜ ግረብ የሚባለው የማስነሻ ፕሮግራም ማውጫ እንዲመጣ አደረግሁ፤ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብቼ የቀድሞውን ከርነል መረጥሁና ተነሣ። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ማውጫው የሚመጣው በሺፍት ሳይሆን በኢስኬፕ ነው። አፕት ሲያድስ አሮጌውን ከርነል ወዲያው የማያጠፋው ለእንዲህ ያለ ቀን ነው።

ከተነሣላችሁ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፦ ዲፒኬጂ መዝገቡን አይቶ ተፈትተው ግን ሳይዋቀሩ የቀሩትን ይጨርሳል። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፦ አፕት የጎደለ ረዳት ፓኬጅ ካለ አምጥቶ ይሞላል። በመጨረሻ አፕዴትና አፕግሬድ። እስካሁን ካየኋቸው አብዛኞቹ በእነዚህ ተፈውሰዋል። እንደ አዲስ ኡቡንቱ ለመጫን አትቸኩሉ፤ የተማሪ ሥራ ያለበትን ዲስክ ፎርማት አድርጎ ያዘነ ሰው አይቻለሁ፤ የሚያስፈልገው ግን ሁለት መስመር ነበር።

«ኩድ ኖት ጌት ሎክ» ይለኛል። ኢንተርኔት ላይ የሎኩን ፋይል አጥፋው ይላሉ፤ ላጥፋው?

አታጥፉት። ሎኩ አሁን ሌላ ፕሮግራም መዝገቡ ላይ እየጻፈ ነው ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ኮምፒውተሩ እንደተነሣ ከበስተጀርባ የሚሠራው የራሱ ማሻሻያ ነው። ሁለት ሰው አንድ መዝገብ ላይ እኩል ቢጽፍ የሚሆነውን አስቡት። አዲሶቹ አፕቶች የያዘውን ፕሮግራም ስም ጭምር ነግረዋችሁ እስኪለቅ ይጠብቃሉ። ኔትወርኩ ቀርፋፋ ከሆነ ግማሽ ሰዓትም ሊፈጅ ይችላል፤ ቡና አፍልታችሁ ተመለሱ።

አፕዴት ስል «ሪሊዝ ፋይል ኢዝ ኖት ቫሊድ የት» ይላል። ኢንተርኔቴ ይሠራል፤ ችግሩ ምንድን ነው?

የኮምፒውተራችሁ ሰዓት ነው። ሪፖው ዝርዝሩን ሲያወጣ ቀንና ሰዓት ይጽፍበታል። አፕት ደግሞ ያንን ከኮምፒውተሩ ሰዓት ጋር ያመዛዝናል፤ የዝርዝሩ ሰዓት ገና ያልደረሰ ሆኖ ካገኘው «ይህ ገና አልጸናም» ብሎ ይመልሰዋል። መልእክቱ ጎን «ኢንቫሊድ ፎር አናዘር» ብሎ ስንት ሰዓትና ደቂቃ እንደሚቀር ስለሚጽፍ ሰዓታችሁ ቢያንስ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደቀረ ከዚያ ታነባላችሁ።

እኛ ጋ ይህ ስሕተት የራሱ ምክንያት አለው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ኮምፒውተሩ 9፡00 ይላል። ያየው ሰው «ተሳስቷል» ብሎ በእጁ 3፡00 ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ያኔ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀረ። ሪፖው ባለፉት ስድስት ሰዓታት ውስጥ ያደሰው ዝርዝር ሁሉ ለሱ ገና ያልመጣ ጊዜ ነው። ለዚህ ነው ችግሩ አንድ ቀን ታይቶ አንድ ቀን የሚጠፋው፤ ሰውም ኔትወርኩን የሚያማው። አንዳንዱ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱንም ወደ እኛ ይመልሰዋል፤ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ አፕት ብቻ ሳይሆን ብራውዘሩም ድረ ገጾችን አልከፍትም ይላል። መድኃኒቱ የሰዓት ቀጠናውን «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ማድረግና «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ» ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ራሱ ያስተካክላል። የሐበሻውን ሰዓት ግድግዳ ላይ ስቀሉት።

ሰዓቱ አስተካክላችሁት በጠፋ ቁጥር ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ሲአር 2032 የምትባል የሳንቲም መልክ ያላት ባትሪ ናት፤ በብዙ ዴስክቶፕ ላይ በእጅ ትወጣለች።

አፕዴት ብዬም «404» አልጠፋም።

እንግዲያው ምናልባት የኡቡንቱ ቨርዥናችሁ ዕድሜው አልቋል። በየሁለት ዓመቱ ሚያዝያ ገደማ የሚወጡት ኤልቲኤስ የሚባሉት፣ ለምሳሌ 22.04 ወይም 24.04፣ ለአምስት ዓመት ይታደሳሉ። በመካከል የሚወጡት ግን ዘጠኝ ወር ብቻ ነው ዕድሜያቸው። ከዚያ በኋላ ፓኬጆቻቸው ከዋናው ሪፖ ተነሥተው «ኦልድ-ሪሊዝስ» ወደሚባለው አድራሻ ይሄዳሉ። አድራሻውን ወደዚያ ቀይሮ ጊዜያዊ ነገር መጫን ይቻላል፤ አዲስ የደኅንነት ጥገና ግን እዚያ አይመጣም። ቁም ነገሩ ወደ ኤልቲኤስ መሻገር ነው። ለላብ የሚጫን ከሆነ ከመጀመሪያውም ኤልቲኤስ ያልሆነ አትጫኑ።

መንዝ መሐል ሜዳ ያለ ኮምፒውተር ኢንተርኔት የለውም። ደብረ ብርሃን አውርጄ በፍላሽ ልወስድለት እችላለሁ?

ይቻላል፤ ግን አንድ ወጥመድ አለው። ሰው የሚያደርገው ደብረ ብርሃን ያለው ኮምፒውተሩ ላይ «አፕት-ጌት ኢንስቶል --ዳውንሎድ-ኦንሊ» ብሎ የወረዱትን ዴብ ፋይሎች መገልበጥ ነው። አፕት ግን የሚያወርደው ለዚያኛው ኮምፒውተር የጎደለውን ነው። ደብረ ብርሃን ያለው ኮምፒውተር አሥር ረዳት ፓኬጆች ቀድሞ ካሉት አያወርዳቸውም፤ መሐል ሜዳ ስትደርሱ እነዚያ አሥሩ የሉም። ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ «ዲፔንደንሲ ኢዝ ኖት ሳቲስፋይድ» የሚል ማንበብ ያሳዝናል።

ስለዚህ ጥያቄው መነሣት ያለበት ከመሐል ሜዳው ኮምፒውተር ነው። እዚያ ሆናችሁ «አፕት-ጌት --ፕሪንት-ዩአርአይስ ኢንስቶል» ብላችሁ የፕሮግራሙን ስም ጨምሩ። ምንም ሳያወርድ ለዚያ ኮምፒውተር የጎደሉትን ፋይሎች አድራሻ አንድ በአንድ ከነመጠናቸውና ከነማረጋገጫ ቁጥራቸው ይጽፋል። ያንን ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ደብረ ብርሃን መጥታችሁ በዊንዶውስ ኮምፒውተርም ቢሆን አድራሻዎቹን አውርዱ። ተመልሳችሁ ፋይሎቹ ያሉበት ማኅደር ውስጥ ተርሚናል ክፈቱና «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ» በሉ። ነጥቧንና ያዘመመችውን ሰረዝ (/) አትርሱ፤ እነሱ ከሌሉ አፕት ስሙን ሪፖ ውስጥ ነው የሚፈልገው። ኮምፒውተሩ ከተጫነ ጀምሮ አፕዴት ተደርጎ የማያውቅ ከሆነ ግን ዝርዝሩ ባዶ ወይም ያረጀ ስለሚሆን አንድ ጊዜ እንኳ ከስልክ ኔትወርክ ጋር አገናኙት።

ይህንን ሥራ ደጋግማችሁ የምትሠሩ ከሆነ «አፕት-ኦፍላይን» የሚባል ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም አለ፤ ዝርዝሩን ማደስም ፓኬጅ ማምጣትም በፍላሽ ያመላልሳል። ኮምፒውተሩን ወደ ገጠር ከመላካችሁ በፊት እዚሁ ጫኑለት። አንድ ጥንቃቄ፦ በእጅ የመጣን ዴብ ፋይል አፕት ፊርማውን አያጣራም። ራሳችሁ ከሪፖው ያወረዳችሁትን እንጂ ማንም የሰጣችሁን አትጫኑ።

ላብ ውስጥ ሃያ ኮምፒውተር አለን። ሁሉም ያንኑ ሃያ ጊዜ ማውረድ አለበት?

የለበትም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ «አፕት-ካሸር-ኤንጂ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ሌሎቹ ፓኬጅ ሲፈልጉ በሱ በኩል ይጠይቃሉ፤ የመጀመሪያው ሲጠይቅ ከኢንተርኔት አምጥቶ ለራሱ ያስቀምጣል፤ ለቀሩት አሥራ ዘጠኙ ከዲስኩ ያድላል። ማሻሻያው 400 ሜጋ ባይት ከሆነ 8 ጊጋ ባይት ይወርድ የነበረው 400 ሜጋ ባይት ብቻ ይወርዳል። ፍጥነቱም የላቡ የኔትወርክ ገመድ ፍጥነት ነው።

የቀሩት ኮምፒውተሮች ላይ የሚሠራው አንድ መስመር ነው፤ የአፕት ማስተካከያ ማኅደር ውስጥ አዲስ ፋይል ከፍታችሁ የፕሮክሲውን አድራሻ፣ ማለትም የዚያን ኮምፒውተር አይፒና የበር ቁጥር 3142፣ ትጽፋላችሁ። የዚያ ኮምፒውተር አይፒ እንዳይቀያየር ቋሚ አድርጉት፤ አለዚያ አንድ ጠዋት ሁሉም በአንድነት አፕዴት እምቢ ይላሉ። ኤችቲቲፒኤስ የሚጠቀሙ ሪፖዎችን በነባሪው አያስቀምጥም፤ የኡቡንቱ ዋና ሪፖ ግን በኤችቲቲፒም ስለሚሠራ ይሆናል። በእኛ አካባቢ ላለ ትምህርት ቤት ከዚህ የበለጠ የምመክረው ነገር የለኝም።

ስናፕ፣ ፍላትፓክ፣ ዴብ፦ የቱን ልምረጥ?

ሪፖው ውስጥ ያለው ዴብ ከበቃችሁ እሱን። ስናፕና ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከሚፈልጋቸው ነገሮች ጋር አንድ ላይ ጠቅልለው ያመጣሉ፤ ስለዚህ አሮጌ ዲስትሮ ላይም አዲስ ቨርዥን ይሠራል፤ ዋናውን መዝገብም አይረብሹም። ዋጋው ዳታ ነው። ፍላትፓክ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትጭኑ መሠረቱን ጭምር ስለሚያወርድ ትንሿ ፕሮግራም ብዙ መቶ ሜጋ ባይት ልትጠይቅ ትችላለች።

ኡቡንቱ 22.04 ላይና ከዚያ ወዲህ «አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉም የሚመጣው ስናፑ ነው፤ አትደናገጡ። ስናፕ ራሱን በቀን ብዙ ጊዜ ይፈትሻል፣ ያድሳልም። ዳታችሁ ውስን ከሆነ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» ብላችሁ አቁሙትና በተመቻችሁ ቀን በእጃችሁ አድሱ። ሊኑክስ ሚንት ደግሞ ከ20ኛው ቨርዥን ጀምሮ ስናፕ ሳትፈልጉት እንዳይገባ ዘግቶታል።

አንድ ቪዲዮ ላይ «ይህን ፒፒኤ ጨምሩ» አሉ። ልጨምር?

ፒፒኤ ላውንችፓድ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው ሊከፍተው የሚችል የግል ሪፖ ነው። ፓኬጅ ሲጫን የራሱን ስክሪፕት በሩት (በሙሉ የአስተዳዳሪ) ሥልጣን ያስኬዳል፤ ስለዚህ ሪፖ መጨመር ማለት ለባለቤቱ የቤታችሁን ቁልፍ መስጠት ነው፤ ዛሬ ብቻ ሳይሆን አፕግሬድ ባላችሁ ቁጥር። የፕሮግራሙ ሠሪዎች ራሳቸው በድረ ገጻቸው የሚጠቁሙት ከሆነና ሌላ መንገድ ከሌለ ጨምሩ። የማታውቁት ሰው ከሆነ ተዉት። «ከርል» ብለው ከኢንተርኔት ያመጡትን ቀጥታ ትእዛዝ ወደሚፈጽመው «ባሽ» የሚያስገቡትንም እንዲሁ፤ መጀመሪያ ፋይሉን አውርዳችሁ አንብቡት።

የዋናው ሪፖ ደኅንነት የሚመጣው ከፊርማ ሰንሰለት ነው። ሪፖው የዝርዝሮቹን ማረጋገጫ ቁጥር የያዘ ፋይል ይፈርማል፤ ዝርዝሮቹ ደግሞ የእያንዳንዱን ፓኬጅ ማረጋገጫ ይይዛሉ። መንገድ ላይ አንድ ፊደል ቢቀየር አፕት ያውቃል። «ኖ_ፐብኪ» ሲላችሁ የፈራሚውን ቁልፍ አላውቀውም ማለቱ ነው። ቁልፉን ከሪፖው ባለቤት ገጽ አምጡና «ኢቲሲ» ውስጥ ባለው የአፕት «ኪሪንግስ» ማኅደር አስቀምጡት፤ ለዚያ ሪፖ ብቻ እንዲያገለግልም «ሳይንድ-ባይ» በሚለው እሰሩት። «አፕት-ኪ» የሚሉ አሮጌ መመሪያዎችን እለፏቸው፤ እሱ የጨመረው ቁልፍ ለሁሉም ሪፖ ይሠራ ነበር።

ዋናውም ሪፖ ቢሆን ፈተና ገጥሞታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2024 አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ፣ የፖስትግሬስኪውኤል (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ገንቢ በኤስኤስኤች (ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከሩቅ መግቢያ) መግባት ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱን ተከታትሎ ኤክስዜድ በሚባል የመጭመቂያ ፕሮግራም 5.6.0 እና 5.6.1 ቨርዥኖች ውስጥ የተደበቀ የጀርባ በር ማግኘቱን ለዓለም አሳወቀ። የተበከለው ቨርዥን ወደ ደቢያን የሙከራ ቅርንጫፎች ገብቶ ነበር፤ ስቴብል የሚባለው የተረጋጋው ደቢያን ግን አልተነካም። ቀስ ብሎ የሚሄድ ዲስትሮ መያዝ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ፓይተን ስማር «ፒፕ ኢንስቶል» ብል «ኤክስተርናሊ-ማኔጅድ-ኢንቫይሮንመንት» ብሎ ይከለክለኛል።

ከደቢያን 12 እና ከኡቡንቱ 23.04 ወዲህ የመጣ ጥበቃ ነው። ፒፕም ፓኬጅ ማኔጀር ነው፤ የአፕትን መዝገብ ግን አያውቅም። አፕት የጫነውን ቤተ መጻሕፍት (ላይብረሪ፣ ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ፒፕ በሌላ ቨርዥን ቢሸፍነው በፓይተን የተጻፉ የዲስትሮው መሣሪያዎች ይሰበራሉ። መልእክቱን ለማለፍ «--ብሬክ-ሲስተም-ፓኬጅስ» የሚል መንገድ አለ፤ ስሙ «ሲስተሙን ስበር» ማለት ስለሆነ ስሙን እመኑት።

የሚያስፈልጋችሁ ነገር ሪፖው ውስጥ ካለ ከአፕት ውሰዱ፤ ለምሳሌ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፓይተን3-ነምፓይ»። ከሌለ «ፓይተን3-ቬንቭ» የሚለውን ፓኬጅ ጫኑና ለፕሮጀክታችሁ የብቻው ክፍል ክፈቱለት፦ «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ» ብላችሁ የማኅደር ስም ስጡት። ከዚያ በዚያው ማኅደር ውስጥ ባለው ፒፕ የፈለጋችሁትን ጫኑ። ሲበላሽባችሁ ያንን ማኅደር ብቻ ሰርዛችሁ እንደገና ትሠሩታላችሁ፤ ኡቡንቱው ምንም አይነካውም።